«ቤቱን ሸጬዋለሁ፤ በ15 ቀን ውስጥ ልቀቂ» ለተባሉት ተከራይ

ጥያቄው፦ «ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ከገባሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው ዓመት ከአከራዬ ጋር ወረዳ ሄደን የሁለት ዓመት ውል አስመዝግበናል፤ ከውሉ ገና 11 ወር ይቀረዋል። ባለፈው እሑድ አከራዬ ደውለው ‹ቤቱን ሸጬዋለሁ፣ በ15 ቀን ውስጥ ልቀቂ› አሉኝ። በማግስቱ ገዛሁ የሚሉ ሰው ከደላላ ጋር መጡና ውክልና አሳዩኝ። ኪራዩን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለእርሳቸው እንድከፍል፣ መቆየት ከፈለግሁም 4,000 ብር እንድጨምር ነገሩኝ። ልጆቼ ትምህርት ላይ ናቸው፤ ዕቃ ማሰር ጀምሬአለሁ። ሊያስወጡኝ ይችላሉ? ቤቱ መሸጡ ካልቀረ እኔ ቀድሜ የመግዛት መብት የለኝም?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ዕቃ ማሰርዎን ያቁሙ። ቤት ተሸጠ ተብሎ ተከራይን በ15 ቀን የሚያስወጣ ሕግ የለንም። አከራይዎ በስልክ የተናገሩት ቃል እርስዎን ሊያስወጣ ቀርቶ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ እንኳን ማስቆጠር አይጀምርም።

ብዙ ተከራዮች ቢሮዬ ሲመጡ አንገታቸውን ደፍተው፣ «የሰው ቤት ነው፣ ምን መብት አለኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ቤቱ የሰው ነው፤ በውሉ ዘመን በቤቱ የመኖር መብት ግን የእርስዎ ነው። ሻጩ ለገዢው ሊያስተላልፉ የሚችሉት ያላቸውን ብቻ ነው፤ በእጃቸው ያለው ደግሞ ተከራይ ያለበት ቤት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ተከራይ የገባበት ቤት ሲሸጥ ገዢው በአከራዩ እግር እንዲተካ አድርጓል። ገዢው ኪራይ የመቀበል መብቱን ሲወስድ ግዴታውንም አብሮ ይወስዳል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ለእርስዎ ዓይነቱ ጉዳይ ይበልጥ የቀረበ መልስ አለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ እንዳይደረግ ይከለክላል። ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ፣ በዕዳ ወይም በሌላ ሕጋዊ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም፣ ተከራዩ እንዲለቅ ከተፈለገ አስቀድሞ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ስድስት ወር ማለት ለእርስዎ ምን እንደሆነ በልጆችዎ የትምህርት ጊዜ ይቁጠሩት፦ ማስጠንቀቂያው ጥር 1 ቀን ቢደርስዎት የሚለቁት ሰኔ 30 ነው፤ ልጆቹ ፈተናቸውን ጨርሰው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልሸፍንብዎትም። ከውልዎ 11 ወር ቢቀርም፣ ቤቱ በትክክል ከተላለፈና አዲሱ ባለቤት የስድስት ወሩን ማስጠንቀቂያ ከሰጡ፣ «ውሌ አላለቀም» ብለው 11ዱንም ወር ለመቀመጥ መከራከር ከባድ ነው። የአዋጁ ጥበቃ ስድስት ወር ነው። በዚያ ላይ ተመሥርተው ያቅዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ቆም ብዬ ደጋግሜ ያነበብኩት «ውክልና አሳዩኝ» የሚለውን ነው። እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው? ገዢ ነኝ ብለዋል፤ ያሳዩዎት ወረቀት ግን ገዢ መሆናቸውን አያሳይም። ውክልና ማለት ባለቤቱ «በስሜ ሆነህ ሥራልኝ» ብሎ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። ተወካይ የሚናገረው በወካዩ ስም ነው፤ የቤቱ ባለቤት አሁንም ወካዩ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካይ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ ሊሽር ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም ውክልናው ይቋረጣል። ቤት ለመሸጥ ደግሞ ተራ የአስተዳደር ውክልና አይበቃም፤ ይህንኑ ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (አንቀጽ 2205)። ያሳዩዎት ወረቀት የትኛው ነው? «ለማስተዳደር፣ ለማከራየት፣ ኪራይ ለመቀበል» ብቻ የሚል ከሆነ የሽያጭ ወሬው ገና ወሬ ነው።

በከተማዋ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ከአራብሳ እስከ የካ አባዶ፣ ይህ ነገር ለምን እንደሚበዛ ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል። በዕጣ የተገኘ የኮንዶሚኒየም ቤት ውል ከተፈረመ አምስት ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ እንዳይተላለፍ ተከልክሎ ስለኖረ፣ ገንዘብ የቸገረው ባለዕድለኛ ብሩን ይቀበልና ለገዢው ውክልና ይሰጣል። ስሙ የሚዛወረው ጊዜው ሲደርስ ነው። የባንክ ብድሩም ብዙ ጊዜ ገና ተከፍሎ አላለቀም። ሁለቱ ወገኖች ይህን ሲያደርጉ ራሳቸው አውቀው የገቡበት ነው፤ ክርክራቸው የእርስዎ ዕዳ አይደለም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ነጥብ አንድ ነው፦ የባለቤትነት ዝውውር ካልተፈጸመ «ቤቱ ስለተላለፈ ልቀቂ» ለማለት የሚያበቃ ምክንያት ገና አልተፈጠረም። ቤቱን ለመሸጥ ማሰብ፣ ደላላ መጥራት ወይም ቀብድ መቀበል ዝውውር አይደለም። ቀብድማ የተቀበለው ሰው አጠፌታውን መልሶ ከውሉ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ላልጸና ነገር ብለው ልጆችዎን ከትምህርት ቤት አያንሡ።

ሽያጭ ሽያጭ የሚባለው በጽሑፍ ሆኖ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት ሲፈረም ነው። ያም ሆኖ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2878 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በመዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገን ላይ ውጤት የለውም። እርስዎ ሦስተኛ ወገን ነዎት። ስለዚህ ከሰውዬው የሚጠይቁት ቀላል ነገር ነው፦ በስማቸው የተዛወረውን ካርታ ወይም የባለቤትነት ማረጋገጫ ቅጂ ያሳዩዎት። በትሕትና ይጠይቁ፤ ሳያዩ ግን ምንም አይወስኑ። ያላቸው ሰው ያሳያሉ፤ የሌላቸው ሰው ይቆጣሉ። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁት ይህንን ነው።

ስለ ገንዘቡ። የሚቀጥለውን ወር ኪራይ ለእርሳቸው በእጅ እንዳይሰጡ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። በተመዘገበው ውል ላይ በተጻፈው የአከራይዎ የባንክ ሒሳብ፣ በተለመደው ቀን፣ «የዚህ ወር ኪራይ» ብለው ያስገቡና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ይህን ያህል የምጫንበት ምክንያት አለኝ። ተከራይን ያለ ችግር ለማስወጣት አጭሩ መንገድ ኪራይ ያልከፈለ ማስመሰል ነው። ኪራይ አለመክፈል ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ነውና፣ አንዳንድ አከራይ «አሁን አልቀበልም፣ ለገዢው ስጪ» ይላል፣ ገዢው «ቆይ ወረቀቱ ይለቅ» ይላል፤ ሁለት ወር ያልፋል፤ ከዚያ ያልከፈለ ተከራይ ተብለው ይከሰሳሉ። ሒሳቡ ቢዘጋብዎት ወይም ሁለቱም «ለእኔ ነው» ቢሉዎት ገንዘቡን ቤትዎ አያቆዩት፤ በፍርድ ቤት ማስያዝ ይቻላል። ያስያዘ ሰው እንደከፈለ ይቆጠራል።

አከራይዎ ወይም ሕጋዊው አዲስ ባለቤት «ከእንግዲህ ለእገሌ ክፈይ» ካሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሻጩም ገዢውም ይፈርሙበት። በቅድሚያ የከፈሉት ካለም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። አለበለዚያ አዲሱ ሰው «እኔ ከአንቺ የተቀበልኩት ነገር የለም» ሲሉ እርስዎ በሁለት ሰው መካከል ይቀራሉ። በነገራችን ላይ አዋጁ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ማስከፈልን ስለሚከለክል፣ አዲሱ ባለቤት «ከእኔ ጋር ስትጀምሪ የስድስት ወር አምጪ» ቢሉ ተቀባይነት የለውም።

የ4,000 ብሩ ጭማሪም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ የኪራይ ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ልክ ነው። የባለቤት መለወጥ ለጭማሪ ምክንያት አይሆንም። «ጨምሪ ወይም ውጪ» የሚለው ምርጫ ሕጉ ያቀረበው ምርጫ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራልዎት ግን ወረቀት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአያት አካባቢ አንዲት ደንበኛ መጣች። ጠንካራ ጉዳይ ነበራት፦ ጊዜው ያላለፈ ውል፣ የተሟላ ደረሰኝ። አንድ ቀን ማታ ደላላው መጥቶ «ገዢው ስሙን ለማዛወር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ትኖሪበታለሽ፣ ለወጉ ያህል ፈርሚ» አላት። ወረቀት ስላልነበረ ከልጇ ደብተር ግማሽ ገጽ ተቀደደ። በላዩ ላይ «ቤቱን በፈቃዴ ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ» ተብሎ ተጻፈ፤ እሷም ፈረመች። ቀን አልተጻፈበትም። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን ቀን ነበረው፤ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ የተጻፈ። ወረቀቱን ስገለብጠው በጀርባው የልጅቷ የማካፈል ሒሳብ ነበር፤ ሦስቱ በቀይ እስክሪብቶ ትክክል ተብለው፣ አራተኛው ሳያልቅ ተቋርጦ። ተከራከርን፤ ግን በሕግ ያላት ስድስት ወር ወደ ሁለት ወር ወርዶ ወጣች። ስለዚህ እባክዎ፣ ደላላው ቢምል፣ ገዢው ቢያለቅስ፣ አከራይዎ ሽማግሌ ቢልኩ፣ ሳያስነብቡ አይፈርሙ። ቀን የሌለበት ወረቀት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይፈርሙ።

ሽማግሌ መላኩ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ። ከስድስት ወሩ በፊት መልቀቅ ለእርስዎ የሚመች ከሆነ መስማማት ይችላሉ፤ ግን በከንቱ አይልቀቁ። ገዢው ቶሎ ባዶ ቤት ከፈለጉ ዋጋ ይክፈሉበት፦ የዕቃ ማጓጓዣ፣ የመጨረሻዎቹ ወራት ኪራይ መቅረት፣ በቅድሚያ የከፈሉት ተመላሽ መሆን። ገንዘቡ በባንክ ከገባ በኋላ ይፈርሙ። ከመፈረምዎ በፊት ግን በአካባቢው አዲስ ቤት በስንት እንደሚያገኙ ያጣሩ። በዚህ ላይ ችኩል ሆነው ሃያ ሺህ ብር ተቀብለው ሲወጡ ለደላላ ኮሚሽንና ለቅድሚያ ክፍያ አርባ ሺህ ያወጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ገዢ ላሳይ እያሉ ሰው ማመላለሱን በተመለከተ፣ ቤቱን ማሳየት አከራዩ በአግባቡ ሊጠይቁ የሚችሉት ነገር ነውና ጨርሶ አይከልክሉ። ቀኑንና ሰዓቱን ግን እርስዎ ይወስኑ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። በትርፍ ቁልፍ ከፍቶ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። በውሉ ዘመን ቤቱ የእርስዎ መኖሪያ ነው፤ ያለ ፈቃድዎ መግባት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ያስጠይቃል፤ ባለቤትነት ከዚህ አያድንም።

ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገርም ልንገርዎት፤ ለማስፈራራት ሳይሆን እንዳይደናገጡ ነው። ውኃ መዝጋት፣ የመብራት ቆጣሪ ካርድ ወስዶ አለመመለስ፣ መጸዳጃ ቤት መቆለፍ፣ አልፎ ተርፎ በር መንቀል በሥራዬ አይቻለሁ። የቆጣሪው ካርድ አሁን በማን እጅ ነው? በእርስዎ ካልሆነ ዛሬውኑ ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡ። እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር በዕለቱ ፎቶ አንሥተው፣ ጎረቤት አስመስክረው፣ ፖሊስ ጣቢያ ያስመዝግቡ። ፖሊስ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ሊመልስዎት ይችላል፤ ቢሆንም መመዝገቡን አይተዉት። ከዚያ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ሁከቱ በተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱ እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ እርስዎ ግን ሁለት ቀንም አይጠብቁ። ከቤት የሚያስወጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ባለቤት፣ ገዢ ወይም ደላላ በራሱ እጅ ማስወጣት አይችልም።

ቀድሞ ስለመግዛት ለጠየቁት፣ መልሱ እርስዎን ደስ አያሰኝም። ተከራይ በመሆን ብቻ የሚገኝ የቅድሚያ ግዢ መብት በሕጋችን የለም። በውልዎ ላይ «ቤቱ ቢሸጥ ቅድሚያ ለተከራይ ይሰጣል» የሚል ቃል ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ውሉን አውጥተው ይዩት። ከሌለ ደግሞ መጠየቅ አይከለከልም። ዝውውሩ ገና ካልተፈጸመ፣ ገንዘቡም ካለዎት ወይም ባንክ የሚያበድርዎት ከሆነ፣ አከራይዎ ቤቱን ለሚያውቁት ሰው መሸጥ ሊመርጡ ይችላሉ። ከገዙ ግን በውክልና አይግዙ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ተከራዮችም ስለሚኖሩ ሁለት ነገር ልጨምር። ውላችሁ በቃል ብቻ ከሆነ፣ አዋጁ ውል በጽሑፍ ሆኖ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አከራዩ የኪራይ ግብር ፈርተው ቢያንገራግሩም በወረዳችሁ የቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቤቱ መሸጡ ከተሰማ በኋላ ሳይሆን አሁን ጠይቁ፤ ገዢ ከመጣ በኋላ ለሦስት ዓመት መኖራችሁን በምስክር ማስረዳት በጣም አድካሚ ነው። የባንክ ደረሰኝ፣ የዕድር መዝገብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አድራሻ ሁሉ ማስረጃ ይሆናል፤ የተመዘገበ ውልን ያህል ግን አይረዱም። ሁለተኛው፣ በዳር ከተማ የምትኖሩ ሰዎች ቤታችሁ በአዲስ አበባ ወረዳ ሥር ይሁን በሸገር ከተማ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት አስተዳደር ያለበት ሰፈር አለ፤ አቤቱታችሁን የሚሰማው ቢሮም በዚያው ይለያያል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስና በዚህ ሳምንት የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ለአከራይዎ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«በዚህ ቀን በስልክ ቤቱን በ15 ቀን ውስጥ እንድለቅ ነግረውኛል። በመካከላችን ያለው የተመዘገበ የኪራይ ውል ገና 11 ወር ይቀረዋል። ቤቱ በሽያጭ ተላልፎ ከሆነ በአዲሱ ባለቤት ስም የተዛወረውን የባለቤትነት ማረጋገጫ ቅጂና በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የተመለከተውን የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ኪራዩን በውሉ ላይ በተጠቀሰው የባንክ ሒሳብ መክፈሌን እቀጥላለሁ።»

ከዚህ በላይ ምንም አይጨምሩ፤ ቁጣም ልመናም አያስፈልግም። በሦስት ቅጂ ያዘጋጁት። አንዱን አከራይዎ ተቀብለው ይፈርሙ፤ እምቢ ካሉ በሁለት ምስክር ፊት ይስጧቸው ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት። ሁለተኛውን ውሉን ላስመዘገቡበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ያስገቡና የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቁጥር በሦስተኛው ላይ ያስመቱ። ሦስተኛው ቅጂ ከውሉና ከደረሰኞቹ ጋር ይቀመጥ፤ ከተቻለም ከቤትዎ ውጭ፣ እህትዎ ወይም የሚያምኑት ጎረቤት ዘንድ። ሰውዬው ተመልሰው ሲመጡ በር ላይ አይከራከሩ፤ ደብዳቤውን ያሳዩአቸውና ካርታውን ይጠይቋቸው።